የቁልቋል ግንድ ብጫ ሲሆን ምክንያቱን ስለ መለየት

ቁልቋል በአገራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ነገር ግን አስተውሎ የሚመለከተው ጥቂት ሰው ብቻ የሆነ ተክል ነው። ቆሞ ያጥራል፤ ከብት አይበላውም፤ ውኃ አጠጡኝ፣ ኮትኩቱኝ አይልም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተተከለና ሥር ከሰደደ በኋላ የሚያስበው የለም። በወረታ ከተማ ዙሪያ ባሉት ጉብታዎችና በፎገራ ሜዳ ዳር ዳር በሚገኙት መንደሮች አያት የተከለው የቁልቋል አጥር ለልጅ ልጅ ሲያገለግል ማየት የተለመደ ነው።

ይህ ተክል በሰው አፍ የሚነሣው አረንጓዴነቱን ትቶ ብጫ መሆን ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ አንዱ «ጠምቶት ነው» ብሎ ውኃ ያፈስስበታል፤ ሌላው «በሽታው ወደ ጎረቤቶቹ ሳይተላለፍ ይቆረጥ» ይላል። ሁለቱም ምክር ሳይመረመር የተሰጠ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይርቃል። በተለይም በፎገራ ሜዳ ብጫ ለሆነ ቁልቋል ውኃ መጨመር ማለት አብዛኛውን ጊዜ የታመመበትን ነገር መልሶ ማጠጣት ማለት ነው።

መቁረጡም ቀላል ነገር አይደለም። ከአጥሩ መካከል አንድ ግንድ ሲወጣ ከብት የሚገባበት በር ይከፈታል። ቁልቋሉ የሁለት ጎረቤቶች የድንበር ምልክት ከሆነ ደግሞ፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ነገር ይነሣና ሽማግሌዎች በዛፍ ፈንታ በሰው መካከል ይቀመጣሉ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሲቆረጥ የሚፈስሰው ወተት የሰው ዐይን ሊያጠፋ መቻሉ ነው። የትምህርት ቤት አጥር ከሆነ ይህን አደጋ የሚቀበሉት ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ አስተማሪዎችና ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎች ብጫነቱ ከምን እንደ መጣ ለይተው ማወቃቸው ለመንደሩ ሁሉ ይጠቅማል።

አስቀድሞ ተክሉ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰ ሰው ነው። በ1790 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አገራችን ዕፅዋት ሲጽፍ ቁልቋልን በስሙ ጠርቶ፣ ሥዕሉንም አስነሥቶ ለውጭ አገር ሰዎች አስታወቀ። በዓመቱ በ1791 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሊቅ ግሜሊን «ኤውፎርቢያ አቢሲኒካ» ማለት የአበሻ ኤውፎርቢያ የሚል የሳይንስ ስም አወጣለት። ቅንጭብም የዚሁ ወገን ዘመድ ነው። ብዙ ሰው ግን ቁልቋልንና ካክተስ የሚባለውን ወገን አንድ አድርጎ ይቈጥራል። ሁለቱም ግንዳቸው ወፍራም፣ ጎድን ጎድን ያለውና እሾሃም ሊሆን ስለሚችል መሳሳቱ አያስደንቅም። ነገር ግን ካክተስ ጥንተ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ፍሬው የሚበላው፣ በትግራይ በለስ የሚባለው ባለ ጠፍጣፋ ክንዱ ቁልቋል ከዚያ የመጣ ነው። ለመለየት ቀላሉ ምልክት ወተቱ ነው። የእኛ ቁልቋል በትንሽ እሾህ ቢወጋ ነጭ ወተት ወዲያው ይፈስሰዋል፤ በለስ ግን ቢቆረጥ ውኃ መሰል ዝልግልግ ነገር እንጂ ወተት አያወጣም።

ይህ ልዩነት ለመማር ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቀይ ቀለም ይወጣበታል ተብሎ ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል የሚባለው ትንሽ ነፍሳት ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ ተስፋፋና የደቡብ ትግራይን በለስ እጅግ ጎዳ። ነጭ ጥጥ መስሎ በበለሱ ክንድ ላይ ይለጠፋል፤ ሲጨፈለቅ እንደ ደም ይቀላል፤ ክንዱም ብጫ ሆኖ ይወድቃል። ይህን የሰማ ሰው የወረታ አጥር ብጫ ሲሆን «ያ ተባይ ደረሰብን» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ኮቺኒል የሚመገበው ከካክተስ ወገን ስለሆነ ባለ ወተቱን ቁልቋል አይበላም። በአንድ ግቢ ሁለቱም ተተክለው ከተገኙ የእያንዳንዱን ሕመም ለየብቻ መመርመር ያስፈልጋል።

ቁልቋል እንደ ሌላው ዛፍ በቅጠል የሚኖር አይደለም። በጫፉ ላይ ለጥቂት ጊዜ የሚታዩት ትንንሽ ቅጠሎች ቶሎ ስለሚረግፉ የቅጠልን ሥራ የሚሠራው አረንጓዴው የግንዱ ቆዳ ነው። የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ምግብ የሚሠራው ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም በዚሁ ቆዳ ውስጥ ይገኛል። ውኃው በቀን ሙቀት እንዳይባክንበትም የቆዳውን ቀዳዳዎች በቀን ዘግቶ በሌሊት ከፍቶ አየር ይስባል። እንግዲህ ግንዱ ብጫ ሆነ ማለት አረንጓዴው ቀለም ጠፋ፣ ተክሉም በዚያ ቦታ ምግብ መሥራት አቆመ ወይም ቀነሰ ማለት ነው። ብጫነት ራሱ በሽታ አይደለም፤ በሰው ላይ እንደሚወጣ ትኩሳት ምልክት ነው። ትኩሳት ከወባም ከቁስልም ከሌላም ሊመጣ እንደሚችል፣ ብጫነትም ከብዙ ነገር ይመጣል። መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል።

ከመመርመር በፊት ጨርሶ ሕመም ያልሆነውን ማስወገድ ድካም ይቀንሳል። ቁልቋል ሲያብብ ትንንሾቹ ብጫ አበቦች በላይኛው የቅርንጫፍ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ስለሚወጡ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጫፉ የታመመ ይመስላል፤ ይህስ ቀርቦ በማየት ብቻ ያልቃል። ሁለተኛው እርጅና ነው። ዕድሜው በገፋ ቁልቋል ላይ ከመሬት ጀምሮ ያለው ግንድ መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ብጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም ግራጫ ሆኖ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ከብዙ ክንድ በላይ የከበደ ቅርንጫፍ የሚሸከም ግንድ እንጨት መሆን ስላለበት ይህ የጤና ምልክት ነው። ሦስተኛው ጠባሳ ነው። ልጆች ስማቸውን የቀረጹበት፣ ጥይት ወይም ድንጋይ የመታው፣ በሬ በቀንዱ የወጋው ቦታ ዙሪያው ብጫ ሆኖ ይደርቃል፤ ከዚያ አልፎ አይሄድም።

ለፎገራ ሜዳ ዋናው ምክንያት ውኃ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ቁልቋል በተፈጥሮው የሚወደው ውኃ የማያቆም፣ ድንጋይና ጠጠር ያለበትን ተረተር ነው። ሜዳው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሆኖ ከጣና ሐይቅ ወለል ብዙ ከፍ አይልም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ወገን የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት አፈር ተሸክመው መጥተው በሜዳው ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እነዚህ ወንዞች ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅለዋል። እንዲህ ባለ ዓመት ብቻ ሳይሆን በማናቸውም ክረምት የሜዳው ጥቁር ዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም የተክሉን ቀጫጭን ሥሮች ይበጥሳል። በክረምት የሚታፈን፣ በበጋ የሚበጠስ ሥር እንዴት እንደሚሰነብት ማሰብ ነው።

ሥርም እንደ ሌላው ሕያው ነገር አየር ይፈልጋል። በአፈር ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሁሉ በውኃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ ይሞታል። የሞተውን ሥር በእርጥብ አፈር የሚኖሩ ሻጋታና ሻጋታ መሰል ረቂቅ ነፍሳት ይይዙትና ብስባሴው ወደ ግንዱ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሰው የሚያየው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ተክሉ በውኃ መካከል ቆሞ፣ ሥሩ ውኃ መሳብ ስላልቻለ፣ የተጠማ ይመስላል። ውኃ የሚያጠጣው ሰው የተሳሳተው በዚህ ምልክት ተታልሎ ነው።

እዚህ ላይ አስተማሪው ለተማሪዎች ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ አለ። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ውኃ ውስጥ ሩዝ ለምልሞ ሲቆም ቁልቋል ለምን ይሞታል? ሩዝ በፎገራ የተስፋፋው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ከገበሬዎች ጋር ከሞከሩት በኋላ ነው፤ ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለባት ከተማ ሆናለች። የሩዝ አገዳ ውስጡ አየር የሚተላለፍበት ቱቦ ስላለው ከላይ የሳበውን አየር ወደ ሥሩ ያወርዳል። ስለዚህ እግሩ በውኃ ውስጥ ሆኖ ይተነፍሳል። ቁልቋል እንዲህ ያለ ቱቦ የለውም። እንግዲህ ሩዝ ዘሪው ውኃ ለማቆር የሠራው የአፈር ግድብ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ከደረሰ፣ ለሩዙ ሕይወት የሆነው ውኃ ለአጥሩ ሞት ይሆናል። ለብዙ ዓመት ጤነኛ የነበረ አጥር በአንድ ወገን ብቻ ተራ በተራ ብጫ ሲሆን በመጀመሪያ መታየት ያለበት ከአጥሩ ማዶ ያለው ማሳ ነው። የማሳው ባለቤት ክፉ አሳቢ ነው ማለት አይደለም፤ ምናልባት ጉዳቱን ራሱ አላወቀም።

አሁን ወደ ምርመራው ከመግባት በፊት ስለ ወተቱ መናገር ግድ ይሆናል። ብሩስ ሁለት ጤነኛ ቅርንጫፎች በሰይፉ ቆርጦ የፈሰሰውን ወተት ወዲያው ቢያጥበውም ነጠብጣቡ ከሰይፉ እንዳልለቀቀ ጽፏል። ብረት ላይ እንዲህ ከሆነ በዐይን ላይ የሚያደርገውን መገመት አያስቸግርም። ወተቱ ዐይን ውስጥ ሲገባ ብርቱ ሕመም፣ መቅላትና ማበጥ ያመጣል፤ የዐይኑንም ብሌን ያቆስላል። ቶሎ ካልታጠበና ካልታከመ ማየት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ሕፃናት እንዲያዩ እንጂ እንዲነኩ መፍቀድ አይገባም፤ የሚነካው አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ይሁን፤ እርሱም ከፊቱ ከፍታ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ አይውጋ፣ አይቁረጥ። ወተቱ ዐይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ቅቤም፣ የጡት ወተትም፣ ሌላም የአገር መድኃኒት መጨመር አይገባም። ቆዳን የነካው በሳሙና ይታጠባል፤ ያልታጠበ እጅ ግን ዐይን መንካት የለበትም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው። የደረቀውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም፤ ያረጀ ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚበንነው ዱቄት አፍንጫን እንደሚያቃጥልና እንደሚያስነጥስ ብሩስ ራሱ ደርሶበት ጽፎታል።

ምርመራው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። ብጫው ከየት ጀመረ? ቦታው ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ይሄዳል ወይስ ቆሟል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ዛፉን ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። ከሥሩ ጀምሮ ዙሪያውን ወደ ላይ የሚወጣ ብጫ የሥርን ነገር ያመለክታል። በአንድ ወገን ብቻ የሆነ ብጫ ከውጭ የመጣ ነገርን፣ ማለት ፀሐይን፣ እሳትን ወይም የተረጨ መድኃኒትን ያመለክታል። ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ የተበተነ ብጫ ተባይን ያስጠረጥራል። ሁሉም ግንድ በአንድነት ደብዝዞ ገርጥቶ ከታየ ጥማት ወይም የአፈሩ ድህነት ይሆናል።

ለሁለተኛው ጥያቄ ረዘም ባለ በትር ጫፍ ብጫውን ቦታ መጫን ነው፤ በጣት መጫን አይገባም። ጠንካራ ሆኖ በትሩን የሚመልስ ከሆነ ተስፋ አለው። እንደ በሰለ ዱባ የሚሰረጉድ፣ ቡናማ ውኃ የሚያነባና መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ ብስባሴ ገብቷል። የተጠማና ውኃ የበዛበት የሚለዩትም በዚሁ ነው። የተጠማው ቁልቋል ጎድኖቹ ይቀጥናሉ፣ በመካከላቸው ያለው ሸለቆ ይጠልቃል፣ ግንዱ ግን ጠንካራ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይሞላል። ውኃ የበዛበት ደግሞ መጀመሪያ ጎድኖቹ ያብጣሉ፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃሉ፤ ከዚያ ከሥሩ በኩል ይለሰልሳል። ጥርጥር ከቀረ ከግንዱ አንድ ክንድ ርቆ መሬቱን በጥንቃቄ መቆፈር ነው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ጠቁሮ ሲጎተት ቅርፊቱ ይላጣል፤ አፈሩም እንደ ረግረግ ይሸታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለትምህርት ቤትም እጅግ የሚስማማው ይኸው ነው። አስተማሪው ብጫውና አረንጓዴው በሚገናኙበት መስመር ትይዩ በግንዱ አጠገብ ረጅም ካስማ ተክሎ በካስማው ላይ ምልክት ያደርጋል። ቀኑን በደብተር ይጽፋል። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ በዚያው ቀን ርቀታቸውን ጠብቀው ያያሉ፣ ከምልክቱ ወዲህና ወዲያ ስንት ጣት ወይም ስንት ስንዝር እንደ ሄደ ይጽፋሉ። ከአራት ሳምንት በኋላ መስመሩ ከቦታው ካልተነሣ እርጅና ወይም አሮጌ ጠባሳ ነው፤ ማንም አይንካው። በሳምንት አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ የሚወጣና የሚለሰልስ ከሆነ ግን አራት ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም። ብዙ ክርክር የሚቆመው በዚህ ደብተር ነው፤ «ትናንት እንዲህ አልነበረም» የሚለውን ሰው ቃል ለማረጋገጥ ሌላ መንገድ የለም።

ከውኃ ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የፀሐይ ቃጠሎ ነው። አዲስ በተተከለ ቁልቋል ላይ የሚደርስ ስለሆነ አጥር በሚያሰፋ ትምህርት ቤት ይበዛል። ቅርንጫፉ በዛፉ ላይ ሳለ አንዱ ወገኑ ፀሐይ የለመደ፣ ሌላው በጥላ የኖረ ነው። ተቆርጦ ሲተከል በጥላ የኖረው ወገን በአጋጣሚ ወደ ፀሐይ ከዞረ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ብጫ ይሆናል፣ በመጨረሻም ነጣ ያለ ቡናማ ቅርፊት ያወጣል። በወረታ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትሄድ፣ የከሰዓት በኋላውም ሙቀት ከምዕራብ ስለሚመጣ፣ ቃጠሎው በደቡብና በምዕራብ ወገን ይታያል። መድኃኒት አያሻውም፤ የተቃጠለው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ባይመለስም ተክሉ ያድጋል። አጥር ሲተከል ግን ቅርንጫፉ ከመቆረጡ በፊት በደቡብ ወገኑ ላይ በኖራ ምልክት አድርጎ በዚያው አቅጣጫ መትከል ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ስለ አፈር ድህነት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቁልቋል በጥቂት ነገር የሚኖር ነውና። ይልቅስ ከድህነት ይበልጥ የሚጎዳው ጥጋብ ነው። የቤት ጥራጊና ፍግ ከአጥሩ ሥር መከመር ብዙ ሰው ለተክሉ ደግ የሠራ እየመሰለው የሚያደርገው ነገር ነው። ክምሩ እርጥበት ይዞ ቆዳውን ያበሰብሳል። ከብት ዘወትር ታስሮ በሚያድርበት አጥር ሥርም ሽንቱ እየተጠራቀመ ሥሩን ያቃጥላል።

ተባይ የሚለየው ቀረብ ብሎ በማየት ነው፤ የማጉያ መስተዋት ያለው ትምህርት ቤት በዚህ ይጠቀምበት። አዲስ በሚያድገው ጫፍ ላይ እንደ ዝገት ያለ ደቃቅ ብጫ ነጠብጣብና በጣም ስስ ድር ከታየ፣ በዐይን ለማየት የሚያስቸግር ሸረሪት መሰል ተባይ የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጠ ነው፤ ይህ በደረቁ ወራት ይበዛል። በጠርዞቹ ላይ ቡናማ ወይም ነጭ ቅርፊት የሚመስሉ፣ በእንጨት ሲፋቁ የሚነሡ እብጠቶች ካሉ ቅርፊት ለበስ ተባይ ነው። ጉንዳን በግንዱ ላይ ያለ ምክንያት ሲመላለስ ማየት የዚህ ተባይ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ጉንዳኑ ተባዩ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳልና። ለሁለቱም በመጀመሪያ በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ጨርቅ የሳሙና ውኃ አስነክቶ ማጠብ በቂ ነው።

ገለባ ሲቃጠል የደረሰ ወላፈን የሚያመጣው ብጫ በአንድ ወገን፣ በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ቀን የመጣ ስለሆነ ራሱን ይናገራል። የአረም መድኃኒት ግን ተንኮለኛ ነው። ከአጠገብ ማሳ በነፋስ የመጣው ብናኝ ወዲያው አይታይም፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ አዲሱ ጫፍ ይጣመማል፣ ብጫም ይሆናል፣ አሮጌው ግንድ ግን ምንም አይመስለውም። በአጥሩ ሥር ያሉት ሌሎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎችም አብረው ተጣምመው ከተገኙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ስለዚህ የረጨው ጎረቤት በነፋስ ቀን እንዳይረጭ ሽማግሌዎች በደግ ቃል ቢነግሩት ከተክል ሐኪም ይበልጥ ይረዳሉ።

ሕመሙ ከውኃ መሆኑ ከታወቀ የመጀመሪያው መድኃኒት ዶማ ነው። ገበሬው በእርሻው ላይ እንደሚያወጣው ያለ ፈሰስ ከአጥሩ ኹለት ክንድ ያህል ርቆ፣ ሥሩን ሳይነካ፣ ውኃው ወደሚወርድበት ወገን መቆፈር ነው። ግድቡ የጎረቤት ከሆነ ከአጥሩ ጥቂት እንዲርቅ መስማማት ያስፈልጋል፤ ይህም ከሰኔ በፊት መሆን አለበት፤ ክረምት ከገባ በኋላ የሚቆፈር ፈሰስ ጭቃ ማስተላለፊያ ብቻ ይሆናል። ከግንዱ ሥር የተከመረ አፈርና ፍግ ካለ ይነሣ። ብጫው ቦታ ገና ጠንካራ ከሆነ ከዚህ በላይ ምንም አይደረግለት።

የለሰለሰው ግንድ ግን አይድንም፤ ከበላዩ ያለውን ጤነኛ ቅርንጫፍ ማዳን ይቻላል። ይህ በደረቁ ወራት፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ልጆች ከግቢው ይወጣሉ፤ የሚቆርጠው ሰው ዐይኑን በመነጽር፣ እጁን በጓንት ወይም በወፍራም ጨርቅ ይሸፍናል፤ ከነፋሱ ወደ ላይ ይቆማል። ቅርንጫፉ ከተቆረጠ በኋላ የተቆረጠው ፊት ይታያል። መካከሉ ንጹሕ ነጭ ከሆነ መልካም ነው፤ ቡናማ ቀለበት ወይም ነጥብ ከታየበት ብስባሴው እስከዚያ ደርሷልና፣ መቁረጫውን አጥቦ ንጹሕ እስኪገኝ ድረስ ከፍ እያሉ መቁረጥ ነው። ወተቱ በቀዝቃዛ ውኃ ሲረጭ መፍሰሱን ያቆማል። ከዚያ ቅርንጫፉ በጥላ ሥር፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ሦስት ሳምንት ያህል ይቀመጣል፤ ቁስሉ ሳይጠግግ የተተከለ ቅርንጫፍ አዲስ አፈር ውስጥ በአሮጌው በሽታ ይበሰብሳል። የበሰበሰው ጉቶ ከነሥሩ ወጥቶ ልጆች ከማይደርሱበት ጉድጓድ ይቀበራል፤ በእሳት ማቃጠል ግን ጢሱ ዐይንን ስለሚጎዳ አይገባም።

አዲሱ የሚተከለው በአሮጌው ጉድጓድ ውስጥ አይደለም፤ ከዚያው አጠገብ፣ ጠጠርና አሸዋ ተቀላቅሎበት ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ በተደረገ ጉብታ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃ አይጠጣም። ቁልቋሉ የድንበር ምልክት ከሆነ፣ አሮጌው ከመነሣቱ በፊት ሁለቱ ጎረቤቶችና ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት ቦታው በድንጋይ ይለካ፤ አዲሱ ከአሮጌው በስንት ክንድና በየትኛው ወገን እንደ ተተከለም አስተማሪው በዚያው የምርመራ ደብተር ላይ ጽፎ ሁሉም ይፈርሙበት።